ሐዲዱ አለቀ፤ የባቡሩ የጊዜ ሠሌዳ ግን ዘገየ

የኮሮና ወረርሽኝና የለንደን–ኤዲንብራ የምድር ባቡር መሥመር

ስለ ምድር ባቡር በሚነገርበት ጊዜ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሐዲዱ ርዝመት፥ ስለ ድልድዩ ጥንካሬ፥ ስለ ወጪውም ብዛት ነው። ባቡሩ በስንት ሰዓት ተነሥቶ በየትኞቹ ጣቢያዎች እንደሚቆምና መቼ እንደሚደርስ የሚያመለክተው የጊዜ ሠሌዳ ግን በጣቢያ ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ተራ ማስታወቂያ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሐዲድ ለነጋዴው ጥቅም መስጠት የሚጀምረው ሠሌዳው በሥራ ላይ በዋለበት ቀን እንጂ የመጨረሻው ብሎን በጠበቀበት ቀን አይደለም። ይህን ነገር በግልጥ ካሳዩት የቅርብ ጊዜ ጉዳዮች አንዱ፥ የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት በእንግሊዝ አገር የምሥራቅ ጠረፍ የባቡር መሥመር ላይ የደረሰው መዘግየት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለምክር ቤታችን አባሎች በሰፊው ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሥመሩ ከለንደን ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነሥቶ በፒተርቦሮ፥ በዶንካስተር፥ በዮርክ፥ በዳርሊንግተን፥ በዱረም፥ በኒውካስልና በቤሪክ በኩል እያለፈ የስኮትላንድ ዋና ከተማ እስከ ሆነችው እስከ ኤዲንብራ ድረስ 632 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ወደ ሊድስ ከተማም የሚሄድ ቅርንጫፍ አለው። እስከ ኤዲንብራ ድረስ በኤሌክትሪክ ኀይል መሥራት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። የለንደንን ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰሜኑ ፋብሪካዎችና ወደቦች ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ፥ ማለዳ ተነሥቶ ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ማታ ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚፈልግ የንግድ ሰው ሁሉ የሚተማመንበት መንገድ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ በዝግታ የሚጓዙ የዕቃ ባቡሮች፥ በየጣቢያው የሚቆሙ የአካባቢ ባቡሮችና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ የሩቅ አገር ባቡሮች አብረው ይሠራሉ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በድሬዳዋ መንገድ በባቡር ተጉዞ፥ የተሳፈረበት ባቡር ከፊት ለፊት የሚመጣውን ለማሳለፍ በጣቢያ ቆሞ ሲጠብቅ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በእንግሊዙ መሥመር ባቡሮቹ ፊት ለፊት ባይገናኙም ፈጣኑ ከዘገምተኛው ኋላ እየደረሰ ይታሰራል። ከለንደን በስተ ሰሜን በዌልዊን አጠገብ በ1850 ዓ.ም. የተመረቀና 40 ቅስቶች ያሉት፥ ከፍታውም 30 ሜትር ያህል የሆነ የዲግስዌል ድልድይ ይገኛል። አራት ሆኖ የመጣው ሐዲድ ከዚህ ሲደርስ ወደ ሁለት ይጠባል። በዚሁ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አለች፤ አንድ የአካባቢ ባቡር መንገደኞችን ለማውረድና ለመጫን በእርስዋ ላይ በቆመ ቁጥር ከበስተኋላው የሚመጣው ፈጣን ባቡር ፍጥነቱን ሊቀንስለት ይገደዳል። እንግዲህ በለንደንና በኤዲንብራ መካከል በየሰዓቱ አንድ ባቡር ለመጨመር የፈለገ ሰው፥ ከዚህች ጣቢያ ከሚሳፈሩት ጥቂት ሰዎች ጋር ሳይቀር መስማማት አለበት ማለት ነው።

መንግሥት ይህን መሥመር ለማሻሻል 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ ስተርሊንግ መደበ። ከዚህም ጋር አዙማ የሚባሉ 65 አዳዲስ ባቡሮች እንዲሠሩ ታዘዘ። አዙማ በጃፓን ቋንቋ ምሥራቅ ማለት ሲሆን፥ ባቡሮቹን የሠራው ሂታቺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዱረም አውራጃ ባቋቋመው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የሚገኘው በ1825 ዓ.ም. የስቶክተንና የዳርሊንግተን የምድር ባቡር በተከፈተበት አካባቢ መሆኑ ለአገሩ ሰዎች ልዩ ኩራት ሆኖላቸዋል። የመጀመሪያዎቹ አዙማ ባቡሮች በሜይ 2019 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከዚያ አስቀድሞ በ2016 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በዚያን ጊዜ መሥመሩን ይዞ ለነበረው ኩባንያም፥ አዲስ ለመግባት ለጠየቀ ሌላ ኩባንያም ተጨማሪ ባቡሮችን ለማስኬድ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ባቡሮቹ የሚበዙበት፥ የጉዞውም ጊዜ የሚያጥርበት አዲሱ ሠሌዳ በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ወይም በ2022 ዓ.ም. ይጀመራል ተብሎ ተጠበቀ።

ወረርሽኙ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ባወጀበት ዕለት፥ ማለትም ማርች 23 ቀን 2020 ዓ.ም. የባቡሮቹም ቁጥር በአገሩ ሁሉ ተቀነሰ። በኤፕሪል ወር የመንገደኞቹ ብዛት ከወትሮው ከመቶ አምስት እጅ ወደሚያህል ወረደ። ወረርሽኙ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው የሒሳብ ዓመት በታላቋ ብሪታንያ 1.7 ቢሊዮን ያህል የባቡር ጉዞዎች ተደርገው ሳለ፥ በሚቀጥለው ዓመት የተደረጉት 388 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ። የባቡር ኩባንያዎች በዚህ ዐይነት አንድ ወር እንኳ ሊቆዩ ስለማይችሉ መንግሥት ውላቸውን ለውጦ ወጪያቸውን ራሱ ተሸከመ፤ ገቢያቸውንም ራሱ ተረከበ። የመንግሥት ድጎማ ሳይኖራቸው በራሳቸው ኪሣራና ትርፍ በዚሁ መሥመር ይሠሩ የነበሩ ትንንሽ ኩባንያዎች ባቡሮቻቸውን ለወራት አቁመው በዚያው ዓመት በበጋ ወራት መልሰው አስነሡ። የዕቃ ባቡሮች ግን ምግብና መድኀኒት ማመላለሳቸውን አላቋረጡም፤ እንዲያውም የመንገደኛ ባቡሮች ስላነሱ ሐዲዱ ተለቀቀላቸው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የግንባታው ሥራ ሁሉ የቆመ ይመስለዋል። በለንደን ከተማ ሥር የተቆፈረው የኤሊዛቤት መሥመር ሥራ በእርግጥ በማርች 2020 ዓ.ም. ተቋርጦ ነበር፤ ቀድሞውንም በ2018 ዓ.ም. ሊከፈት ታስቦ የዘገየው ይኸው መሥመር የተከፈተው ሜይ 24 ቀን 2022 ዓ.ም. ነው። በምሥራቁ መሥመር ላይ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በስቲቭኔጅ ጣቢያ አምስተኛው የመሳፈሪያ መድረክ በኦገስት 2020 ዓ.ም. ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተከፈተ። በዚህም ምክንያት ከሀርትፎርድ በኩል የሚመጡት የአካባቢ ባቡሮች ዋናውን ሐዲድ ሳይዘጉ ወደ መጡበት ለመመለስ ቻሉ።

ከፒተርቦሮ በስተ ሰሜን በዌሪንግተን የተፈጸመው ሥራ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ወደ ሊንከን የሚሄዱት ረጃጅም የዕቃ ባቡሮች ቀድሞ ፈጣኖቹን ሐዲዶች አቋርጠው ያልፉ ስለ ነበር፥ እነርሱ እስኪሻገሩ ድረስ የለንደንና የኤዲንብራ ባቡር ይጠብቅ ነበር። መሐንዲሶቹ ከዋናው ሐዲድ ሥር መተላለፊያ ለማውጣት 155 ሜትር ርዝመትና 11,000 ቶን ክብደት ያለው ጎባጣ የኮንክሪት ሣጥን ከሐዲዱ ጎን ሠርተው፥ በጃንዋሪ 2021 ዓ.ም. በዘጠኝ ቀን ውስጥ እየገፉ ከቦታው አስገቡት። ይህን ያህል ግዙፍ ነገር በዚህ ዘዴ ከሐዲድ ሥር ሲገባ በዚያ አገር የመጀመሪያው ነበር። የመጀመሪያው የዕቃ ባቡር በዲሴምበር 2021 ዓ.ም. በሥሩ አለፈ። የዚህ አንድ ሥራ ወጪ ብቻ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነው።

በኪንግስ ክሮስ ጣቢያም ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያልተለወጠው የሐዲድ አዘረጋግ ተነሥቶ በአዲስ ተተካ፤ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ የነበረ አንድ የዋሻ ክፍል ተከፍቶ ወደ ጣቢያው የሚገቡት ሐዲዶች ከአራት ወደ ስድስት ከፍ አሉ። ለዚህ ሥራ ሲባል በ2021 ዓ.ም. የጣቢያው ግማሽ ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ በጁን ወር ተፈጸመ። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ጣቢያ በግማሽ መዝጋት በለንደን ታላቅ ጩኸት ያስነሣ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚሳፈረው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ በብረትና በድንጋይ በኩል ሲታይ ወረርሽኙ ሥራውን ከጐዳው ይልቅ የረዳበት ቦታ አለ ለማለት ይቻላል።

እንግዲያውስ ሐዲዱ በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ከተዘጋጀ፥ ባቡሮቹም ከተሠሩ፥ ሠሌዳው ስለ ምን ዘገየ? የመጀመሪያው ምክንያት የባቡር ነጂዎች ጉዳይ ነው። አንድ ነጂ አዲስ መሥመርና አዲስ ባቡር የሚማረው በጠባቡ የነጂ ክፍል ውስጥ ከአስተማሪው ጎን ተቀምጦ ነው። ሰው ከሰው እንዲራራቅ በታዘዘበት ጊዜ ይህ ዐይነቱ ትምህርት ተቋረጠ፤ እንደገና ሲጀመርም ተራ የሚጠብቀው ሰው ተከማችቶ ነበር። በዚያው ላይ የሚታመመውና ታማሚ የነካው ሁሉ ከሥራ ይቀር ስለ ነበር፥ የተለመደውን ባቡር ለማስኬድ እንኳ ሰው የሚጐድልበት ቀን ብዙ ነበር። ሠሌዳ ማለት በወረቀት ላይ የሰፈረ የሰው ጉልበት ስለ ሆነ፥ ነጂ የሌለው ባቡር በሠሌዳ ላይ ቢጻፍ የሚያተርፈው ሐሰትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከወረርሽኙ በፊት የተፈጸመ ነገር ነው። በሜይ 2018 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝና በለንደን ዙሪያ አዲስ ሠሌዳ በጥድፊያ በሥራ ላይ ውሎ፥ ነጂዎቹ ተምረው ሳይጨርሱ ቀኑ በመድረሱ በየቀኑ በመቶ የሚቈጠሩ ባቡሮች ሲሰረዙ ሰንብተዋል። ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪውም ወደ ፈተናው ሳይደርስ ቀረ። በስቲቨን ግሌስተር የተመራው የምርመራ ጉባኤ ሥራውን በአጠቃላይ የሚመራ ኀላፊ እንዳልነበረ መሰከረ። በእንግሊዝ አገር ሠሌዳ የሚለወጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሜይና በዲሴምበር ነው። ኩባንያዎቹም የሚፈልጉትን ሰዓት ለሐዲዱ ባለቤት ለኔትወርክ ሬይል የሚያቀርቡት ከ40 ሳምንት በፊት ነው። ወረርሽኙ ባለበት ጊዜ ግን እንኳን ከ40 ሳምንት በኋላ፥ ከአራት ሳምንት በኋላ እንኳ ምን ዐይነት ዐዋጅ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ የኀላፊዎቹ መፍራት በእኛ አስተያየት የሚያስነቅፋቸው አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ለንግድ ሰው ይበልጥ የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። በ2021 ዓ.ም. በበጋ ወራት ኩባንያዎቹ በሜይ 2022 ዓ.ም. ሊጀመር የታሰበውን ሠሌዳ ለሕዝብ አስተያየት አወጡት። በለንደንና በኒውካስል መካከል በየሰዓቱ ሦስተኛ ባቡር እንደሚጨመር፥ የኤዲንብራውም ጉዞ እንደሚያጥር ተገለጠ። ነገር ግን ጉዞ የሚያጥረው ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ሲቀነሱ ነው። የሠሌዳውን ዝርዝር ገልጠው ያዩት የቤሪክ፥ የኖርዛለርተን፥ የዳርሊንግተንና የዱረም ሰዎች ለእነርሱ ከተማ የሚቆመው ባቡር መቀነሱን አገኙ። ኒውካስልን ከማንችስተር ጋር የሚያገናኙትም ባቡሮች እንዲቀነሱ ታስቦ ነበር።

የቤሪክን ነገር እንውሰድ። ይህች ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ የምትገኘው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ላይ ነው። የሆቴሉ ባለቤት፥ የጠበቃው ጽሕፈት ቤትና ዕቃውን በደቡብ የሚሸጠው ባለሱቅ ሁሉ ኑሮአቸውን ያቋቋሙት ፈጣኑ ባቡር በከተማቸው ይቆማል ብለው ነው። በለንደንና በኤዲንብራ መካከል አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ የተረፈለት መንገደኛ ያንን ደቂቃ የሚያገኘው ከእነዚህ ሰዎች ላይ ተወስዶ ነው። የሠሌዳው አዘጋጆች በበኩላቸው፥ ብዙ ሺህ ሰው የሚጓዝበትን ባቡር ለጥቂት ሰዎች ብሎ ማቆም አይገባም ይላሉ፤ ይህም ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን 1.2 ቢሊዮኑ ፓውንድ ከሕዝብ በተጠየቀ ጊዜ፥ መሥመሩ ይሻሻላል ተባለ እንጂ በእናንተ ከተማ የሚቆመው ባቡር ይቀነሳል ብሎ ለቤሪክ ነጋዴ የነገረው ሰው አልነበረም። ቅሬታውም የበረታው ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ሺህ አስተያየት በመቅረቡ፥ የነጂዎቹም ትምህርት ባለመፈጸሙ የ2022 ዓ.ም. ሠሌዳ ተሰረዘ። ቀጠሮው ወደ 2023 ዓ.ም. ተዛወረ፤ ቀጥሎም ወደ ዲሴምበር 2024 ዓ.ም. ተባለ፤ እርሱም ሳይፈጸም ቀርቶ ወደ ዲሴምበር 2025 ዓ.ም. ተላለፈ። የመጀመሪያውን መዘግየት በወረርሽኙ ማሳበብ እውነት ነው። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን በበሽታ ማመካኘት ተገቢ አይመስለንም። በ2023 ዓ.ም. ሐኪም ቤቶች ተረጋግተው፥ መንገደኞችም ወደ ባቡሩ ተመልሰው ነበር። ያን ጊዜ የታየው ችግር፥ በ2016 ዓ.ም. ለየኩባንያው የተሰጠው ፈቃድ ሲደመር ሐዲዱ ሊሸከመው ከሚችለው የበለጠ ሆኖ መገኘቱ ነው። ለሁሉም ቃል ተገብቶ ነበር፤ ማን ይቅር የሚለውን ለመቈረጥ የደፈረ ግን አልነበረም። ወረርሽኙ ይህን ክርክር አልፈጠረውም፤ ለጥቂት ዓመት ሸፈነው እንጂ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የገበያው ጠባይም ተለውጧል። ከወረርሽኙ በኋላ ለመዝናናትና ዘመድ ለመጠየቅ የሚጓዘው ሰው ቀድሞ ሲመለስ፥ ለንግድ ጉዳይ የሚጓዘው ግን ቀስ ብሎ፥ ያውም በከፊል ተመለሰ፤ ስብሰባውን ከቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ማካሄድ ለምዶ ነበርና። ሠሌዳው በመጀመሪያ የታሰበው ማለዳ ወደ ለንደን ለሚገሠግሠው ነጋዴ ሲሆን፥ የቅዳሜና የእሑዱ መንገደኛ ከእርሱ የማያንስ ደንበኛ ሆነ። በኦክቶበር 2021 ዓ.ም. ሉሞ የተባለው አዲስ ኩባንያ በለንደንና በኤዲንብራ መካከል በርካሽ ዋጋ ማጓጓዝ መጀመሩም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነበር። መዘግየቱ አንድ ጥቅም ሰጠ ቢባል፥ አዘጋጆቹ ይህን ለውጥ ለማየት ጊዜ ማግኘታቸው ነው።

በመጨረሻ መንግሥት በጉዳዩ ገብቶ ውሳኔ ስለ ሰጠ አዲሱ ሠሌዳ እሑድ ዲሴምበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ፈጣኑ ባቡር ከለንደን ኤዲንብራ በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል እንዲደርስ ተደርጓል፤ ወደ ኒውካስልም በየሰዓቱ ሦስተኛ ባቡር ተጨምሯል። የዌሪንግተን መተላለፊያ ከተከፈተ አራት ዓመት፥ የስቲቭኔጅ መድረክ ከተሠራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሠራው ሁሉ ምንም ጥቅም አልሰጠም አይባልም፤ የዕቃ ባቡሮች ከዋናው ሐዲድ ሥር ማለፍ በመቻላቸው ፈጣኖቹ ባቡሮች በሰዓታቸው መድረስ ቀሎላቸው ነበር። ነገር ግን የተጨማሪው ባቡር ገቢ፥ የተጨማሪው መንገደኛ ገበያ፥ በሰሜኑ ከተማ መሥሪያ ቤት ለመክፈት ያሰበውም ነጋዴ ተስፋ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታስረው ቆይተዋል። በባንክ ተበድሮ መጋዘን የሠራ ሰው ቁልፉን ለአራት ዓመት ቢከለከል ወለዱ ምን ያህል እንደሚሆን አባሎቻችን ከእኛ ይልቅ አስልተው ያውቁታል።

የቤሪክ ሰዎች ቅሬታ አዲሱ ሠሌዳ ከጀመረም በኋላ አልበረደም። በሌላ በኩል ከኪንግስ ክሮስ ጀምሮ እስከ ግራንተም አካባቢ ድረስ በሐዲዱ ዳር የቆሙትን የምልክት መብራቶች አንሥቶ፥ ምልክቱ በነጂው ፊት ባለ መስተዋት ላይ እንዲታይ የሚያደርገው ሥራ በመካሄድ ላይ ነው። ለዚህም አዲስ ዘዴ ነጂዎቹ ሁሉ እንደገና መማር አለባቸው። የዲግስዌል ድልድይ ግን ዛሬም እንደ 1850 ዓ.ም. ሁለት ሐዲድ ብቻ እንደ ተሸከመ ነው።